የለመደችው አየር

ባለቤቴ ሂሻም ከመሞቱ በፊት በነበረው ክረምት እርጥበት የሚመጥጥ ማሽን ገዛ። ሸጎሌ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ግራውንድ ላይ ነው፤ ፊቱን ወደ እንጦጦ ስላዞረ ፀሐይ አያገኝም። ሐምሌ ሲገባ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ ሳይቀር ይሻግታል። ማሽኑ ሳሎን ጥግ ቆሞ እያጉረመረመ የቤቱን አየር ይስባል፤ ውኃውን ከአየሩ ለይቶ ታች ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ባለቤቴ ማታ ማታ ማጠራቀሚያውን መዝዞ ያሳየኝ ነበር።

«ዝናብ ብቻ እንዳይመስልሽ» ይለኛል። «ገሚሱ የእኔና የአንቺ ትንፋሽ ነው።»

አሁን ማጠራቀሚያው ለመሙላት ይዘገያል። ክረምቱ ያው ክረምት ነው፤ ግድግዳውም ያው ግድግዳ።

ስለ እሱ ከዚህ በላይ ለመጻፍ አልተነሣሁም። የምጽፈው ስለ ሌላ ማሽን ነው፤ ውኃ ይጠጣ ስለነበረው።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከፊት የአባቴ ሱቅ፣ ከሱቁ ኋላ እኛ የምንኖርባቸው ክፍሎች፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ አንድ ጓዳ። ጓዳው በጭቃ የተመረገ፣ በኖራ የተቀባ፣ ጀርባውን ለዳገቱ የሰጠ ነው። ክረምት የዳገቱ ውኃ በግድግዳው ሥር ያልፋል። ማንም አይተኛበትም ነበር፤ የአባቴ ታናሽ እህት ሀያም ከጅዳ እስክትመለስ ድረስ።

የመጣች ቀን ከሻንጣዋ ሁሉ በፊት ከታክሲው የወረደው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ነው። ለማንም አልሰጠችውም። እንደታቀፈችው ደረጃውን ወረደች፤ በየደረጃው እየቆመች። ሕፃን መሰለኝ። ሴት ልጅ ብትሆን ብዬ ተመኘሁ።

ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ነጭ፣ ድቡልቡል፣ እንደ ትልቅ እንቁላል ያለ ፕላስቲክ ወጣ። አባቴ ጓዳ ወስዶ ከአልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠው፤ ውኃ ሞላው፤ ሶኬቱን ሰካ። ሰማያዊ መብራት በራ። ቀጥሎ ከአናቱ ነጭ ጭስ መውጣት ጀመረ። ድምፅ ነበረው፤ የተኛ ሰው በአፍንጫው ሲተነፍስ ያለ ድምፅ። እጄን ሰደድኩ። ጭሱ ቀዝቃዛ ነበር።

«ምንድነው አባ?»

«የለመደችው አየር ነው» አለኝ። «እዚያ እያለች ይሄን ስትተነፍስ ነበር የሚሻላት።»

ለእኔ በቂ ነበር። ዓሣ ውኃውን ይዞ እንደሚጓዝ ሁሉ አክስቴም የጅዳን አየር ይዛ መጥታለች። የእኛን መተንፈስ አትችልም።

ጠያቂዎች መጡ። ጎረቤታችን እትዬ አጸደ በሽታዋ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሽንት ቤት አየር ነው የበላት» አለቻት። እኔም አየር የሚበላ ነገር መሆኑን ያን ቀን ያዝኩ። እዚያ አገር ሽንት ቤት ውስጥ ጥርስ ያለው አየር አለ። ለብዙ ቀን ሽንት ቤት የምገባው በሩን በእግሬ ከፍቼ ይዤ ነው።

እውነቱን ያገናኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ መምህራችን የትኞቹ ፈሳሾች አንድ ላይ መግባት እንደሌለባቸው ሲያስጠነቅቀን። ጅዳ በሠራተኝነት የነበረችበት ቤት እመቤት የሽንት ቤቱ እድፍ እንዲለቅ በረኪናውን ከአሲድ ጋር ደባልቂው ብላታለች፤ በሩም ሽታው ወደ ሳሎን እንዳይወጣ ተዘግቶ ነበር። ማሽኑም ቢሆን የእሷ አልነበረም። ሀያም ሌሊት አብራት ትተኛ የነበረችው የዚያ ቤት አሮጊት ነው። በዚያ ቤት ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት ስለሚሠራ አየሩ ጉሮሮ እስኪሰነጥቅ ይደርቃል፤ ስለዚህ ውኃ የሚተፋ ማሽን ያስፈልጋል። ሀያምም ከእሱ አጠገብ ስትተኛ ደረቷ ይለሰልስላት ነበር። ስትሸኝ እመቤቷ ሰጠቻት። ለበረሃ የተሠራውን መድኃኒት እንጦጦ ሥር፣ በሰኔ መጨረሻ፣ የጭቃ ቤት ውስጥ አስገባነው።

ውኃ ማቅረብ የእኔ ሥራ ሆነ። ከክረምት ትምህርት ስመለስ በማንቆርቆሪያ ይዤ እገባለሁ።

«ውኃ ልማት መጣች» ትላለች ሀያም ከትራሷ ቀና ብላ። «ዛሬስ... መስመር አልተሰበረም?»

«አልተሰበረም።»

«ያላ... አጠጪው። ከእኔ ይልቅ... እሱ ነው የሚጠማው።»

ሁለት ቃል ተናግራ ታርፋለች። ያንን የጅዳ አነጋገር አድርጌ ስለወሰድኩት እኔም ክፍል ውስጥ እንደ እሷ እያረፍኩ ማውራት ጀመርኩ። መምህሬ እናቴን አስጠርታ ልጅቷ አስም አለባት ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ቤት ስንመለስ አልተቆጣችኝም። እጄን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ሄደች።

አባቴ የጓዳውን መስኮት ዙሪያውን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ክፍተቱን በአሮጌ ሹራብ ጠቅጥቆ ነበር። ንፋስ እንዳይመታት ነው። የመጣ ሰው ሁሉ ይህንን አይቶ ያመሰግነዋል፤ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ይሉታል። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የከፈተን ሰው ከየወንበሩ ሲቆጡት እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ንፋስ ሰው እንደሚገድል አልጠራጠርም ነበር።

መስኮቱን የምትከፍተው እናቴ ብቻ ናት። አባቴ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሲወጣ ጠብቃ ጓዳ ትገባለች፤ ላስቲኩን በአንድ በኩል ታላቅቃለች፤ ሳንቃውን ትገፋለች፤ ማሽኑንም ታጠፋለች። ነጩ ጭስ በመስኮቱ ሾልኮ ወደ ባሕር ዛፎቹ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። የአክስቴ አየር ነው። እናቴ እያፈሰሰችው ነው። ሀያም ጋቢ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች፤ ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ጨዋ ስለሆነች ነው፣ እናቴን ላለማስቀየም ነው እል ነበር።

ጠባቸውን የሰማሁት ሱቅ ውስጥ ነው። የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። እነሱ ከመጋረጃው ኋላ ናቸው።

«ከዚህ ቤት ትውጣ» አለች እናቴ።

«ማን?»

«ታውቃለህ ማን እንደሆነች። ክረምቱ ሳይጠና ትውጣ። ሐኪሙ ቆላ ውሰዷት አለ፤ አብረን ነው የሰማነው። ድሬዳዋ ወንድሜ ፈድሉ ቤት ሰፊ ክፍል አለ። እሱም አምጧት ብሏል።»

«ቡርቱካን፣ እሷ ሰው ቤት ስትኖር ነው እንዲህ የሆነችው። ኤርፖርት ስቀበላት ምን አልኳት? ከእንግዲህ ሰው ቤት አትገቢም አልኳት። እኔ ቤት እያለኝ።»

«የእኔ ወንድም ሰው ነው?»

«ለእሷ ሰው ነው።»

አንድ ልጅ ሳሙና ሊገዛ መጣ፤ አባቴ ሸጦለት ተመለሰ።

«ግድግዳውን አላየህም ሸምሱ?»

«ግድግዳው ይቀባል።»

«ግድግዳው ላይ ያለው እሷም ውስጥ አለ።»

የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፋችን ላይ ቆላ ማለት እሾህ፣ ወባና ጅብ ነበር። እናቴ አክስቴን ጅብ ወዳለበት ልትጥላት ነው፤ አባቴ ደግሞ እየተከላከለላት ነው። በልቤ ከአባቴ ጋር ቆምኩ።

ግድግዳውን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማየት ጀመርኩ። ከሀያም ራስጌ በላይ፣ ኖራው ላይ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ወጥቷል። መጀመሪያ እንደ እጅ መዳፍ ነበር። ከዚያ ትከሻ አበጀ። ሐምሌ ሲጋመስ ጎንበስ ብላ የተቀመጠች ሴት ሆነ። ጥላዋ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሲተኛ ጥላው ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ እናቴም «እሷም ውስጥ አለ» ያለችው ይህንን ነው። ማሽኑ በተነፈሰ ቁጥር ጥላው ይወፍራል፤ አክስቴ ትከሳለች። አንዳንዴ ውኃ ልሞላ ስገባ ሁለቱንም ሰላም እላቸዋለሁ፤ በመጀመሪያ ጥላውን፣ እንዳይቀየመኝ።

ሻጋታ ነበር። ዛሬ ስሙን አውቃለሁ፤ የተቃጠለ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሚያደርገውንም አንብቤአለሁ። ማወቄ ግን ያቺን ሴት ከግድግዳው አላወረደልኝም።

አንድ ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። አባቴ መርካቶ ሄዷል። ሰማያዊው መብራት ሞቶ፣ ጭሱ ቀጥኖ ቀጥኖ ሲቆም ጓዳው በር ላይ ነበርኩ። አሁን ትሞታለች አልኩ። የማውቃትን ሱራ ሁሉ ቀራሁ።

ከደመናው መሐል ፀሐይ ወጣች። እናቴ እትዬ አጸደን ጠራቻት፤ ሁለቱ ሆነው ሀያምን ከነፍራሿ ደግፈው ግቢው ውስጥ፣ ሊሾው ላይ አስቀመጧት። ልብሷ ይተን ጀመር። እትዬ አጸደ በሣህን ትኩስ አጥሚት አመጣች። ሀያም ጠጣችው፤ ጨመረች።

«እዚያ ቤት አንድ በቀቀን ነበራቸው» አለች። «እኔን ሲያይ በእመቤቷ ድምፅ ሀያም፣ ሽንት ቤት፣ ሀያም፣ ሽንት ቤት ይላል። ሌላ ነገር አያውቅም። አንድ ቀን ጎጆውን ሳጥብ ጆሮው ሥር ሀያም ወደ አገሯ፣ ሀያም ወደ አገሯ አልኩት። ሦስት ወር ሙሉ አስጠናሁት።»

«እሺ፣ አለ?» አለች እትዬ አጸደ።

«ልሄድ ሻንጣዬን ስዘጋ አለ። ለእመቤቷ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም።»

እናቴ እስክታነባ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሀያም ይህንን ሁሉ ስታወራ አንድም ጊዜ አላረፈችም ነበር። የጅዳ አነጋገሯ ጠፍቷል፤ አየሯ ካለቀ ደግሞ ሌላውም ነገሯ ተከትሎ ያልቃል። እየተሰናበተችን ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ክረምት ሁሉ ለሕይወት የቀረበችው በዚያች ሰዓት ነው፤ እኔ ግን ጥግ ይዤ አለቀስኩላት።

አባቴ የገባው ያን ጊዜ ነው። የተሸከመውን ካርቶን መሬት ላይ አኖረ።

«ንፋስ ይመታታል» አለ።

«ተው ሸምሱ» አለች ሀያም። «ይምታኝ።»

«እኔ እያለሁ አይመታሽም።»

«ይምታኝ እኮ ነው የምልህ ወንድምዬ።»

አልሰማትም። ጎንበስ ብሎ አቀፋት። ማሽኑን ስታመጣ እንዳቀፈችው አድርጎ አቅፏት ወደ ጓዳ ገባ። እናቴ ሣህኑን ይዛ ቆመች። ከሰዓት በኋላ መዶሻና ምስማር ይዞ የመስኮቱን ሳንቃ በአራቱም ማዕዘን መታው። ምቱን እየሰማሁ የቤት ሥራዬን ጨረስኩ። ቤታችን ደኅና ሆነ፤ አየሯ ከእንግዲህ አይፈስም። መብራት ሲመጣ ማሽኑ መተንፈስ ጀመረ።

በነሐሴ እናቴ ያደረገችውን አላውቅም፤ አባቴ ግን ተረታ። «ክረምቱ ይውጣና እኔው ራሴ አደርሳታለሁ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ሸጎሌ ያለች የእናቴ አክስት ጋ ላኩኝ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ የበግ ገበያው ቤቷ አጠገብ ስለነበር ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በጎቹን ስም እያወጣሁላቸው ዋልኩ። ማታ ሲሆን ተሸጠዋል።

ስመለስ ግቢያችን ጭቃ ሆኗል፤ ብዙ ሰው የረገጠው ጭቃ። በአራት ማዕዘን የተቆፈሩ ጉድጓዶች ነበሩ፤ ውኃ ሞልቷቸዋል። ሠርግ አምልጦኛል ብዬ ተናደድኩ። ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«አክስቴስ?» አልኩ።

እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «ድሬዳዋ ሄደች» አለችኝ። «ፈድሉ ጋ።»

አየኋት። አሸንፋለች። አክስቴን ለቆላ ሰጥታታለች፤ ፊቷ ላይ ግን ያሸነፈ ሰው ደስታ አላየሁም። አባቴ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጢሙ አድጓል። ደንበኛ ስኳር ሲጠይቀው ጨው ይመዝናል።

ልጅን በሞት ወሬ አያደነግጡም፤ ጊዜው ሲደርስ ይነገራታል፤ በእኛ ዘንድ ወጉ እንዲህ ነው። አልፈርድባቸውም። ሂሻም የሞተ ዕለት ለእኔም ሆስፒታል ደረጃው ላይ ያገኙኝ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው «ትንሽ ደክሟል» ነው ያሉኝ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጓዳው በር በኩል አለፍኩ። በሩ ተቆልፏል። በበሩ ሥር ግን ሰማያዊ ብርሃን አለ። ቆምኩ። የተኛ ሰው በአፍንጫው ይተነፍሳል። ቀዝቃዛው ጭስ ከሥር ወጥቶ ጣቶቼን ነካቸው።

ስለዚህ አልሄደችም። ዋሽተውኛል። ደብቀዋታል፤ ከእናቴ የደበቃት አባቴ ነው፤ ወይም ሁለቱም ከቆላ ደብቀዋታል። ለማንም ላለመናገር ወሰንኩ። ማንቆርቆሪያው ከፍ ያለ ቦታ ተሰቅሎ ነበር፤ ስለዚህ በብርጭቆ ውኃ ቀድቼ በሩ ሥር አስቀመጥኩ። በቀስታ «ውኃ ልማት ነኝ» አልኩ። መልስ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ።

ጠዋት ብርጭቆው ባዶ ነበር።

እንደገና ሞላሁት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዶ ነው። ክረምቱ እስኪወጣ እንዲሁ ሆነ። የእትዬ አጸደ ልጅ ቤዛብሕ መንገድ ላይ አቁሞ «አክስትሽ እኮ ሞታለች፤ እኛ ለቅሶ ደርሰናል» ሲለኝ ሳቅሁበት። ምን ያውቃል? ብርጭቆውን የሚያነሣው እሱ አይደለም።

መስከረም ላይ በሩ ተከፍቶ አገኘሁት። መስኮቱም ተከፍቷል፤ የምስማሩ ቀዳዳዎች ይታያሉ። አልጋው ተጣጥፎ ግድግዳ ተደግፏል። በርጩማው ላይ ምንም የለም። ኖራው ላይ ያቺ ሴት ጎንበስ ብላ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ማንም ሳይነግረኝ መርዶዬን ሰማሁ። ግድግዳው በየዓመቱ ይቀባል፤ እሷም በየሐምሌው ትመለስ ነበር፤ ቤቱ እስኪፈርስ።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ብርጭቆውን ሳስበው ሁልጊዜ ውኃውን የሚደፋው እሱ ይመስለኝ ነበር፤ እንዳላዝን ብሎ። እስከ ባለፈው ሳምንት።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ሸጎሌ መጣች። ዐስር ሰግዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ማሽኑ ጥግ ላይ ያጉረመርማል። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው፤ ሂሻም ከሞተ ጀምሮ አልከፈትኳቸውም። ሻይ ይዤ ስመለስ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ክዳኑ የጠበቀ፣ ውኃ የሞላበት ብልቃጥ ላይ።

«የዘምዘም ነው?» አለችኝ።

«አይደለም። ከማሽኑ የወጣ ነው።»

«መቼ የወጣ?»

ሻዩን አስቀመጥኩላት። በዚያ ሳምንት የወጣ ነው፤ ሂሻም ቤት ውስጥ ባደረበት በመጨረሻው ሳምንት። ገሚሱ የማን እንደሆነ ለእናቴ አላስረዳሁም።

ስኳሩን አማሰለች፤ አማሰለች።

«አባትሽ ያንን ማሽን አላጠፋ ብሎ ነበር» አለች። «ከቀብር መልስ ገብቶ ሰካው። ጓዳው ባዶ። በሩን በውስጥ ቆልፎ ይቀመጣል።»

«እንደምሰማው አታውቁም ነበር?»

«እሱ አያውቅም ነበር። ብርጭቆውን ሲያገኝ ግን ይዞት መጣ። ይሄ ምንድነው ቡርቱ አለኝ። ልጅቷ ናት አልኩት። ቆሞ ቆሞ ተመልሶ ገባ።»

«ደፋው?»

«ምን ይደፋል። ማሽኑ ውስጥ ነው የጨመረው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ውኃ አላስነካኝም። የልጄ የሩፋይዳ ውኃ ይበቃዋል ይላል። ብርጭቆ ውኃ ምን ሊሆን፤ ትንሽ ትንሽ አስተንፍሶ ይቆማል። ሲቆም ወጥቶ ይሰግዳል። ሲነጋ ያንቺን ይጠብቃል።»

ውጭ ዝናቡ ጀመረ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በበሩ ሥር የወጣው ጭስ ሁሉ እኔው ያስቀመጥኩት ውኃ ነበር።

«አንቺ ለምን ዝም አልሽው እማ? መስኮት ስትከፍቺ አልነበር?»

«ለሀያም ነዋ። እሷ ልትድን ትችል ነበር።» ሻይዋን ቀመሰች። «እሱን ምን ልበለው? መስከረም ሲጠባ ምስማሩን ራሱ ነቀለው። እኔ ብነቅለው ኖሮ ሌላ ምስማር ይመታ ነበር።»

ወደ መስኮቱ እንደምትሄድ ጠበቅሁ። አልሄደችም። ነጠላዋን አስተካክላ ሻይዋን ጠጣች፤ ብልቃጡንም፣ መስኮቱንም ተወቻቸው። ማጠራቀሚያው ውስጥ አንድ ጠብታ ወደቀ። ሌላው እስኪከተል ብዙ ቆየ።

ተነሣሁ። የመስኮቱ መቆለፊያ ዝጎ ነበር፤ በሁለት እጄ ገፋሁት። የእንጦጦ ብርድ ገባ፤ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ፣ ከገበያው በኩል የበግ ድምፅ፣ የሚኒባስ ረዳት ጥሪ።

«ንፋስ ይመታሻል» አለች እናቴ፤ ዓይኗን ከሻይዋ ሳታነሣ።

«ይምታኝ» አልኩ።

መስኮት ተከፍቶ ማሽኑ አይሠራም፤ የሰፈሩን ጉም ሁሉ ልጠጣ ይላል። ሶኬቱን ነቀልኩት። ጉርምርምታው ሲቆም ቤቱ ውስጥ የሁለታችን ትንፋሽ ብቻ ተሰማ።

ብልቃጡን አልደፋሁትም። እናቴም ድፊው አላለችኝም።